ምክር ቤቱን ያፈረሰው ይሉኝታ

ባቡሩ ስቶክሆልም ውስጥ ሊልየሆልመን ጣቢያ ደርሶ በሩን ከፈተ፤ መዝጋቱን ግን ተወው። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። ቆይቶ ሰዉ ከስልኩ ቀና እያለ ጣሪያውን ያይ ጀመር፣ ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ይነግረው ይመስል። እኔም ሶደርማልም ካለው መሥሪያ ቤቴ ወጥቼ ወደ ሻርሆልመን፣ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነበርና ለባለቤቴ ደውዬ ልዘገይ ነው፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም አልኳት።

ከፊት ለፊቴ ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። ጥቁር ሰማያዊ የዝናብ ጃኬት ለብሰው፣ ነጭ የስፖርት ጫማ አድርገው፣ እስከ አፉ የሞላ የገበያ ከረጢት ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ስልኩን ሳልዘጋ ጎንበስ አሉና «ከሩብ ሰዓት አይበልጥም በላት» አሉኝ።

እንዳሉት ነገርኳትና፣ እናቴ፣ እርስዎ እንዴት አወቁ ብዬ ጠየቅኳቸው። እናትህስ ሌላ ናት፣ እኔን እትዬ ብትለኝ ይበቃል አሉ። ስማቸው ሸዋሉል ነው። ይህንኑ ቀዩን መስመር ከሃያ ዓመት በላይ ነድተውታል። ጡረታ ወጥተውም ባቡር በቆመ ቁጥር እጃቸው ፍሬኑን ይፈልጋል። ሾፌሩ ይህን ጊዜ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጋር ምን እየተባባለ እንደሆነ፣ ማን በማን እንደሚያመካኝ፣ በሁለቱም ድምፅ እያስመሰሉ ያጫውቱኝ ጀመር። አጠገባችን የነበረች ስዊድናዊት ቋንቋውን ሳታውቅ ትስቅ ነበር።

በዚህ መሐል ስልካቸው ጮኸ። ያነጋገሩት በስዊድንኛ ነው። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ድምፁ ትልቅ ስለሆነ «ፕሬዚደንቷ እንዴት ዋለች?» ሲላቸው ሰማሁ። ሲዘጉ የምን ፕሬዚደንት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው።

ረጅም ነው አሉና የምወርደው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሻርሆልመን ስላቸው፣ እንግዲያ ይበቃናል አሉ።

አልበቃንም። ባቡሩ እሳቸው ባሉት ጊዜ ተነሣ፣ ብሬዴንግን አለፍን፣ ሴትራን አለፍን፣ ጨዋታው ግን ገና መንገድ ላይ ነበር። ሻርሆልመን ስንወርድ አደባባዩ ላይ፣ ከአትክልት ሻጮቹ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጨረስነው።

እትዬ ሸዋሉል ደብረ ብርሃን ተወልደው አዲስ አበባ አድገዋል። ስቶክሆልም የገቡት ደርግ ሳይወድቅ፣ በካርቱም በኩል ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው የምድር ባቡሮቹ ማደሪያ ውስጥ ፉርጎ መጥረግ ነበር። አብሯቸው የሚጠርግ አጊም የሚባል የኮሶቮ ሰው ነበር፤ አሁን የደወለላቸው እሱ ነው። አንድ ቀን አጊም ሾፌር ይፈለጋል ተብሏል፣ ነይ አብረን እናመልክት አላቸው። እሳቸው እንደ አገራቸው ወግ፣ ኧረ እኔ ምኑን አውቄ፣ ይልቅ አንተ ሞክር አሉት። ልባቸው ግን ዘሎ ነበር። ቢያንስ አንድ ሁለቴ ይለምነኛል ብለው ጠበቁ። አጊም እሺ አለና ሄዶ ብቻውን አመለከተ።

«ዓመቱን ሙሉ እሱ መንዳት የሚማርበትን ባቡር እኔ ጠረግሁ» አሉኝ። «ተበሳጭቼ ዘጋሁት። እሱ ምን እንዳጠፋ አያውቅ፤ ብስኩት እየገዛ ያመጣልኛል።»

በዓመቱ ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው አመለከቱ፣ ተማሩ፣ ሾፌር ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በስዊድንኛ እፈልጋለሁ ማለት አልከበዳቸውም። ፈረቃ ለመቀየርም፣ ለዕረፍትም፣ ለደመወዝ ጭማሪም አለቃቸው ፊት ቆመው ሳያቅማሙ ይጠይቃሉ። የሚያንቃቸው በአማርኛ ሲሆን ነው። እናታቸው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያሉ ነው ያሳደጓቸው፤ ሹመት እፈልጋለሁ የምትል ሴት ደግሞ በእናታቸው ዘንድ አደባባይ ላይ እራቁቷን እንደቆመች ነበረች።

በቀዩ መስመር ሲመላለሱ አንድ ነገር ልብ ይሉ ጀመር። ኖሽቦሪ የመስመሩ መጨረሻ ነው። ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ሾፌሩ ወርዶ፣ በባቡሩ ጎን ሄዶ፣ በወዲያኛው ጫፍ ይገባና ይመለሳል። እትዬ ሸዋሉል እንዲህ ሲያልፉ በመስኮት የማይወርድ ሰው ያያሉ። አንደኛው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡ አዛውንት፣ ጋሽ ሽፈራው ነበሩ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው፣ ጋሽዬ መጨረሻው እኮ ነው አሏቸው። አውቃለሁ፣ ተመልሼ ነው አሉ ጋሽ ሽፈራው። ወደየት ቢሏቸው ወደየትም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ከፍሪጁ በቀር ድምፅ የሚያሰማ የለም፤ ባቡር ውስጥ ግን፣ ባይናገራቸውም፣ ሰው አለ። ከዚያ በኋላ እትዬ ሸዋሉል ዓይናቸው ተከፈተ። ቀን ቀን ሰው ለማየት ብለው የሚሳፈሩ የእኛ ሰዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ጥቂት አልነበሩም።

መሄጃ ጠፍቶ ግን አልነበረም። የመረዳጃ ማኅበራቸው እዚሁ ሻርሆልመን፣ ከአንድ የኪራይ ሕንፃ ሥር ሰፊ አዳራሽ አለው። ሁሉም ሎካሉ ይሉታል። ወንበር አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ ሙቀት አለው። ችግሩ የሚከፈተው ለለቅሶና ለስብሰባ ብቻ መሆኑ ነው። መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው ደግሞ የማኅበሩ ፕሬዚደንት ነው። እትዬ ሸዋሉል ጡረታ ሲወጡ በሆዳቸው የያዙት አንድ ነገር ነበር፤ ሎካሉን በየሳምንቱ ረቡዕ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ማድረግ። ሌላ ዕቅድ የላቸውም፤ ለዚህ ግን ፕሬዚደንት መሆን ያስፈልጋል።

ለብዙ ዓመት ፕሬዚደንት የነበሩት ጋሽ ይግዛው ባለፈው ዓመት ልጃቸው ዘንድ ጎተንበርግ ሊኖሩ ሄዱ። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ጠቅላላ ጉባኤው ምክር ቤት ይመርጣል፣ ምክር ቤቱ ከራሱ መሐል ፕሬዚደንት ይመርጣል። ምክር ቤቱን አባላቱ ራሳቸው ፓርላማችን እያሉ ይቀልዱበታል። እትዬ ሸዋሉል ተመረጡና ገቡ። ጸሐፊዋ ፌበን ነበረች፤ እዚሁ የተወለደች፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ አማርኛ አጥርታ የምትሰማ፣ መልሱን ግን በስዊድንኛ የምትሰጥ ልጅ። ማኅበሩ ወጣት ገባልን ብሎ ሲፈነጥዝ ነበር።

በመጀመሪያው ስብሰባ አንዱ ተነሥቶ እትዬ ሸዋሉል ይሁኑልን አለ። ጭብጨባ ሆነ። እትዬ ሸዋሉል ጉንጫቸው ጋለ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ አፋቸው የለመደውን ተናገረ፤ ከእኔ የተሻለ ስንት ሰው ተቀምጦ፣ ኧረ ለእኔ አይሆንም፣ ጋሽ ሞላልኝ ይሁኑ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ወግ የታወቀ ነው። ሰው በፈጠረዎት ይላል፣ እሳቸው ኧረ አልችልም ይላሉ፣ ሰው እግር ላይ ልንወድቅ ነው ይላል፣ እሳቸው እንግዲህ ካላችሁ ይላሉ። ሳይለመን እሺ ያለ ሰው ቀልቃላ ነው።

ፌበን ግን የሰማችውን ጻፈች፦ ወይዘሮ ሸዋሉል አልቀበልም ብለዋል። ቀና ብላም አመስግና ወደሚቀጥለው አለፈች። ጋሽ ሞላልኝም አልችልም አሉ፤ ጻፈች። የሚቀጥለውም አልችልም አለ። እንዲህ እያለ ጠረጴዛውን ዞሮ አንድም እሺ ያለ ሳይገኝ ስብሰባው ተበተነ። እትዬ ሸዋሉል በሁለተኛው ሰው ላይ ተነሥተው ቆይ፣ ገና ነው ሊሉ ፈልገው ነበር። ምን ብለው? ለምኑኝ ይባላል እንዴ?

በሁለተኛው ስብሰባ ሽማግሌዎቹ መላ መቱ፤ ልመናው ይቅርና በድምፅ እንለየው አሉ። የቀረቡት ሁለቱ ናቸው፣ እትዬ ሸዋሉልና ጋሽ ሞላልኝ። ከመሐላቸው አንዱ ኡፕሳላ ቤት አግኝቶ ከምክር ቤቱ ስለወጣ ቁጥሩ ለሁለት እኩል የሚካፈል ሆኖ ነበር። ወረቀቱ ተቆጠረ፤ እኩል ለእኩል። ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበሰቡ፤ አሁንም እኩል ለእኩል።

ድምፅዎን ለማን ሰጡ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለጋሽ ሞላልኝ ነዋ» አሉ። «ሰው ለራሱ ይሰጣል? እጄ እንዴት ይታዘዘኛል? እሳቸውም ለእኔ ነው የሰጡት፤ ከጎኔ ተቀምጠው ሲጽፉ አየሁዋ። ሁለት ጊዜ እሳቸው እኔን፣ እኔ እሳቸውን።»

ይህን የሚሉት እየሳቁ ነው። ያን ጊዜ ግን አልሳቁም። ጋሽ ሞላልኝ ሎካሉ ቀን ቀን ይከፈት የሚለውን ሐሳብ ገና በጨዋታ ሲነሣ፣ አዳራሹ የለቅሶ ነው፣ የካርታ መጫወቻ አይደለም ብለው የዘጉ ሰው ናቸው። እሳቸው ከተመረጡ ረቡዕ የሚባል ነገር የለም፤ እትዬ ሸዋሉል ደግሞ ሁለቴ ድምፃቸውን ለእሳቸው ሰጥተዋል። በገዛ እጄ የገዛ በሬን ቆለፍኩ አሉኝ።

ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ ፌበን ደንቡን አነበበችላቸው። ምክር ቤቱ በሦስት ስብሰባ ፕሬዚደንት መምረጥ ካቃተው ይፈርሳል፣ ጠቅላላ ጉባኤው ተጠርቶ እንደገና ይመርጣል። እንዲህ ያለ አንቀጽ መኖሩን ያስታወሰ አልነበረም። ጋሽ ይግዛው ጎተንበርግ ድረስ ሲደወልላቸው፣ አዎ እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ ደንብ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለው ደስ አይልም ብዬ ነው፣ ለሥራ ይውላል ብዬ መች አሰብኩ አሉ።

ፓርላማው ፈረሰ ተባለ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሲደርስ መልኩን ቀይሮ ነበር። ሸዋሉልና ሞላልኝ ለሥልጣን ተፋጅተው ማኅበሩን አፈረሱት ተባለ። ከቅዳሴ ሲወጡ አንዲት ወይዘሮ ክንዳቸውን ይዘው፣ ምነው እቴ፣ በዚህ ዕድሜ ከሰው ባል ጋር ለወንበር መታገል ምን ይባላል አሏቸው። እትዬ ሸዋሉል ለአንድ ሳምንት ከቤት መውጣት አስጠላቸው።

አጊም የደወለላቸው በዚያው ሰሞን ነው። የእሱም አገር ፓርላማ ፕሬዚደንት መምረጥ አቅቶት ሌላ ምርጫ ተጠርቶ ስለነበር ሊያማርር ነው የደወለው። የእኛም ፈረሰ አሉት። አጊም የቀለዱ መስሎት ሳቀ። የምራቸው መሆኑን ሲረዳ ስንት ሰው ነው ወንበሩን የሚሻማው አለ። ማንም አሉ። ታዲያ ምን አስቆማችሁ አለ። እትዬ ሸዋሉል ማስረዳት ጀመሩ። እፈልጋለሁ፣ ግን አልፈልግም አልኩ፣ ምክንያቱም እፈልጋለሁ ማለት አይባልም፣ እነሱ ግን አልፈልግም ስል እፈልጋለሁ ማለቴ እንደሆነ ማወቅ ነበረባቸው። በአማርኛ ሲያስቡት ምንም ያልነበረው ነገር በስዊድንኛ ከአፋቸው ሲወጣ ለራሳቸው ግራ ሆነባቸው።

አጊም፣ ያን ጊዜ ብስኩት ሳመጣልሽ የዘጋሽኝ ለዚህ ነበር እንዴ አላቸው። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁን ገና ገባው። አገሬ ባለችበት የቆመችው ሁሉም እፈልጋለሁ ስላለ ነው፣ የእናንተ ማኅበር የቆመው ሁሉም አልፈልግም ስላለ ነው፣ እኔ ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል አላውቅም ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በማግስቱ ፌበን ቤታቸው መጣች። ልጅቷ ከስታለች። ማኅበሩን ያፈረሰችው እሷ ናት የሚሉም ነበሩ፤ ትንሽ ብታስታምም፣ ትንሽ ብትለምን ምን ነበረበት እየተባለ። የተሰጣትን ሻይ ሳትነካ፣ ምን እንዳጠፋሁ ይንገሩኝ አለች። እትዬ ሸዋሉል ምንም አላጠፋሽም አሏት። ይኸውልዎ አለች፤ ይሄ ራሱ አጥፍተሻል ማለት ነው አይደል? እናቴም እንዲህ ነው የምትለኝ።

እትዬ ሸዋሉል ሳቁ፤ ልጅቷም ሳቀች። ከዚያ ፌበን አማርኛዋን አሰባሰበች። እትዬ ሸዋሉል የነገሩኝን እንደነገሩኝ ልጻፈው፦

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሚመልሱልኝን እኔ አምናለሁ፣ ሌላ ዘዴ የለኝም። ፕሬዚደንት መሆን ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?»

እትዬ ሸዋሉል ሻይሽን ጠጪ አሏት። ፌበን አልጠጣችም። የመስኮቱን መጋረጃ አስተካከሉ። ፌበን ጠበቀች። በዚያች ቅጽበት ጋሽ ሽፈራው፣ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ፣ ፊታቸው መጥተው ድቅን አሉባቸው።

«እፈልጋለሁ» አሉ። «እፈልጋለሁ ልጄ። ደግሞ በጣም።»

ሰማይ አልወደቀም። ፌበን እሺ አለችና ሻይዋን ጠጣች። ቀጥሎ ያለችው ግን አስደነገጣቸው። ለእኔ መንገር አይበቃም፣ ለጉባኤው ይንገሩ አለች። በአዲሱ ምርጫ ጠቋሚና ተጠቋሚ የሚባል አይኖርም፤ የፈለገ ሰው ራሱ ተነሥቶ ምን ሊሠራ እንደሚፈልግ ይናገራል። ይህን ሽማግሌዎቹ ተስማምተውበታል፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ስላልሆነ።

እሑድ ዕለት ሎካሉ ጢም ብሎ ሞላ። የፈረሰው ፓርላማ ምን እንደሚሆን ለማየት ያልመጣ አልነበረም። ፌበን መድረኩ ላይ ወጥታ ደንቡን አስረዳች፣ ከዚያ ማን ይፈልጋል ብላ ተቀመጠች። አንድም ሰው ንቅንቅ አላለም። አንዱ አሳለ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየውና ጉሮሮዬን ነው አለ። እትዬ ሸዋሉል ፊት ፊታቸውን እያዩ፣ ትንሽ ልቆይ፣ ሌላ ሰው ይቅደም እያሉ ነበር። ሌላ ሰው አልቀደመም። ፌበን ካልፈለጋችሁ እንግዲህ ልትል አፏን ስትከፍት አዩ። ልጅቷ እንደምትዘጋው ደግሞ ያውቃሉ።

ተነሡ። ቆመው ራሳቸውን እስኪያገኙት ድረስ መነሣታቸውን አላወቁትም።

«እኔ እፈልጋለሁ» አሉ። «ምክር ቤት መግባትም፣ ፕሬዚደንት መሆንም።»

ከኋላ በኩል የአንዲት ሴት ድምፅ፣ «እሰይ፣ ዛሬስ ሸዋዬ ሹመት አማራት» አለ። ሰዉ ሳቀ። እትዬ ሸዋሉል ቀድመው ቢያስቡት የሚፈሩት ይህንን ነበር። ሲመጣ ግን እንደፈሩት አልሆነም።

«አማረኝ» አሉ ዞር ብለው። «አንቺ የዶሮ ወጥ ሲያምርሽ ትደብቂያለሽ?»

ሳቁ ወደ እሳቸው ዞረ። ከዚያ ስለ ረቡዕ ተናገሩ። ስለ ቀዩ መስመር፣ ኖሽቦሪ ደርሰው ስለማይወርዱት ሰዎች ተናገሩ፤ ስም ግን አልጠሩም። ሎካሉ ለለቅሶ ብቻ ሲከፈት፣ ሰው የምንሰበሰብለት ከሞተ በኋላ ነው፣ ትንሽ ቀደም ብንል ምናለበት አሉ። እንዲህ አሳምረው መናገራቸው ለራሳቸውም ገረማቸው።

ጋሽ ሞላልኝ ተነሡ። እትዬ ሸዋሉል፣ መጣ፣ አሁን የካርታውን ነገር ሊያነሡ ነው ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ጋሽ ሞላልኝ ጉሮሯቸውን አጠሩ። «እኔ አልፈልግም» አሉ። «በመጀመሪያው ስብሰባ አልፈልግም አልኩ፣ በሁለተኛው አልኩ፣ በሦስተኛው አልኩ። ሰው ግን ይሉኝታ ይዞት ነው እያለ ይመርጠኛል። ይሉኝታ አልያዘኝም። የልጅ ልጆቼን እፈልጋለሁ፣ እንቅልፌን እፈልጋለሁ፣ ስብሰባ አልፈልግም። ለወይዘሮ ሸዋሉል ድምፄን የሰጠሁት አክብሬያቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንዳመልጥ ነው።»

እትዬ ሸዋሉል ይህን ሲነግሩኝ አግዳሚው ወንበር ላይ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ አልፈልግም ስል የሚታመነው፣ እሳቸው አልፈልግም ሲሉ የማይታመነው እያሉ። ሰውዬው ስንት ወር ከልባቸው ሲጮኹ የሰማቸው የለም።

እትዬ ሸዋሉል ከተቀመጡ በኋላ መንገዱ እንደተጠረገ ሆነ። አንዱ ተነሣ፣ ሌላዋ ተነሣች፣ ከሚፈለገው ቁጥር በላይ ሆኑና ድምፅ መስጠት ግድ ሆነ። እዚያው አዲሱ ምክር ቤት ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሳህን ማስቀመጫው ላይ ተደግፎ፣ ፕሬዚደንቱን መረጠ። እትዬ ሸዋሉል በዚህ ጊዜ ለራሳቸው ድምፅ ሰጡ፤ ሲጽፉ ስማቸው ረዘመባቸው። ቀሪውም ከሞላ ጎደል ለእሳቸው ሆነ። አንድ ወረቀት ብቻ ጋሽ ሞላልኝ የሚል ወጣ፤ ጋሽ ሞላልኝ ደግሞ ምክር ቤት ውስጥ እንኳ አልነበሩም። ሲሰሙ ይህን የጻፈ ማነው እያሉ በሩ ላይ ቆመው እየዞሩ ይጠይቁ ነበር፤ እኔ ነኝ ያለ ግን አልተገኘም።

ካለፈው የትንሣኤ ሰሞን ጀምሮ ሎካሉ ረቡዕ ረቡዕ ክፍት ነው። በመጀመሪያው ረቡዕ የመጣ አልነበረም። ሁሉም፣ ሌላ ሰው ይሄድ ይሆናል፣ እኔ ደርሼ አላስቸግር ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። እትዬ ሸዋሉል ከሰባ ባዶ ወንበሮች ጋር ዋሉ። በሁለተኛው ረቡዕ የሎካሉን በር ዘግተው ወደ ቀዩ መስመር ወረዱ። ጋሽ ሽፈራውን እንደ ጥንቱ ኖሽቦሪ ላይ አገኟቸው። ጋሽዬ መጨረሻው ነው አሏቸው። አውቃለሁ አሉ። ዛሬ እዚህ አይደለም መጨረሻው፣ ሻርሆልመን ነው፣ ይነሡ አሏቸው። ጋሽ ሽፈራው፣ ኧረ አላስቸግርም ብለው ጀመሩ። እትዬ ሸዋሉል እንዲህ ባለው ጉዳይ አሁን ትዕግሥት የላቸውም። ያስቸግራሉ፣ አውቃለሁ፣ ይምጡ አሏቸው። ጋሽ ሽፈራው ኮፍያቸውን አድርገው ተከተሏቸው።

አሁን ወንበር ይሞላል። ጋሽ ሽፈራው ጋዜጣ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ሌላው ያቋርጣቸዋል፣ እሳቸው ተቆጥተው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ምስር የሚቀቅል አለ፣ ዳቦ የሚያመጣ አለ። ፌበን በምሳ ሰዓቷ ብቅ እያለች፣ አማርኛዋ ከእነሱ ጋር ተሻሽሎ፣ ትሳደባለችም ይላሉ። ጋሽ ሞላልኝ ካርታ መጫወት ነውር ነው እያሉ መጥተው፣ ከጎን ቆመው አጫዋች ሆነው፣ አሁን ቀድመው ወንበር የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የገበያ ከረጢቱ ለነገው ረቡዕ ነበር፤ ከላይ ጎመን ይታያል።

መሽቶም አይጨልም፣ የዚህ አገር ሰኔ ነው። አትክልት ሻጮቹ ግን ድንኳናቸውን መጠቅለል ጀምረው ነበር። ባለቤቴ የሩብ ሰዓቱ ነገር ምን ደረሰ ብላ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ከረጢታቸውን ልሸከምላቸው ብል እንካ አሉና ሰጡኝ፤ እስከ ሎካሉ በር ድረስ አደረስኳቸው። ቁልፉን እያወጡ ነገ ከሥራ ስትመለስ ጎራ በል፣ ባለቤትህንም ይዘሃት ና አሉኝ። እኔም ሳላስበው አፌ የለመደውን ጀመረ፣ አይ እንግዲህ ነገ እንኳ፣ እናንተ ሽማግሌዎቹ ተጫወቱ፣ እኔ ደርሼ አላስቸግር።

እትዬ ሸዋሉል ቁልፉን እንደያዙ ቆም ብለው አዩኝ።

«እኔ ና ብያለሁ» አሉ። «አልመጣም ካልክ ግን አምንሃለሁ።»